የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ አዳራሽ እንዴት ይሠራ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች ስለሚሠሩ የጋራ ሕንፃዎች በስልክ ካደረሳችሁን ጥያቄዎች ጥቂቱን ለእንግዳችን ለአርክቴክቱ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ስደተኛው ነገ አገሩ ይገባል። ለጊዜያዊ ቦታ ይህን ያህል መጨነቅ ገንዘብ ማባከን አይሆንም?

ቢገባማ ደስታችን ነበር። ኬንያ ያለው የዳዳብ መጠለያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው የተከፈተው፤ እዚያ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል። ዮርዳኖስ ያለው የዛታሪ ጣቢያም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንዳለ አለ። በዚያ ላይ ብዙ አስተናጋጅ መንግሥታት ቋሚ ግንባታ አይፈቅዱም። ስለዚህ ሕንፃው ይነሳ ሲባል ተፈትቶ መጫን፣ ይቆይ ሲባል ደግሞ ዓመታትን መቻል አለበት።

ጥያቄ፦ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት የእናቶች ስብሰባ፣ ክትባት ሲመጣ ደግሞ ክሊኒክ። አንድ አዳራሽ ይህን ሁሉ ይችላል?

ይችላል። ብዙ ሰው ግን መፍትሔውን ተጣጣፊ ግድግዳና ተንሸራታች በር ላይ ይፈልጋል። እነዚህ አቧራ ሲገባባቸው ይነክሳሉ፤ መለዋወጫም አይገኝም። እኔ የምጀምረው ከጣራው ነው። የጣራውን ክብደት ምሰሶዎቹ ብቻ ከተሸከሙት፣ ግድግዳውን ዛሬ አንስተው ነገ ሌላ ቦታ ቢያቆሙት ቤቱ አይናጋም። ምሰሶዎቹ በእኩል ርቀት፣ ለምሳሌ በየሦስት ሜትሩ ከተተከሉ ደግሞ አንዱ የግድግዳ ክፍል በየትኛውም ክፍተት ይገባል። መጋጠሚያው በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይሁን፤ ሚስማር ሲነቀል እንጨቱን ይሰነጥቃል።

ከዚያ የማይንቀሳቀሰውን ይለዩ። የእጅ መታጠቢያው፣ የፍሳሽ መውጫውና ቁልፍ ያለው ዕቃ ቤት አንድ ጫፍ ላይ ይሰብሰቡ፤ የቀረው ወለል ነፃ ይሁን።

በዕቃ ቤቱ ጉዳይ ድርድር የለኝም። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ከዚያ የተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ማስቀመጫ አጥቶ አዳራሹ ውስጥ ይከመራል። ክትባት የሚሰጡት ባለሙያዎች ወንበር ሲያወጡና ሲያስገቡ ረፋዱ ያልፋል፤ እናቶቹም ሁለት ጊዜ መጥተው ቦታ ካጡ በሦስተኛው ይቀራሉ። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ የትምህርት ቤቱ ነው ይባላል። ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ አይዋል፤ ተጠቃሚዎቹ በመረጡት ኮሚቴ እጅ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ አዳራሽ ተሠርቶ ነበር፤ ሴቶች ግን አይገቡበትም። ምን ይሻላል?

እኅቴ፣ መጀመሪያ በሩ ወዴት እንደሚያይ ይመልከቱ። ወንዶች ተሰብስበው በሚውሉበት መንገድ ላይ ከተከፈተ ማን ይገባል? ባንግላዴሽ ኮክስ ባዛር ውስጥ ከምያንማር ለተሰደዱት ሮሂንጋዎች የተሠሩ ስድስት የጋራ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝተዋል። አርክቴክቶቹ ሪዝቪ ሀሰን፣ ኽዋጃ ፋትሚና ሳአድ ቤን ሞስታፋ ናቸው። በካምፖቹ ውስጥ ያሉትን የሠሯቸው አስቀድሞ በተዘጋጀ ፕላን ሳይሆን እዚያው መሬት ላይ፣ ከነዋሪው ጋር እየተመካከሩ ነው። የእናንተንም ማፍረስ አያስፈልግም። መግቢያውን ወደ ጎን ያዙሩት፤ ከበሩ ፊት መከለያ አቁመው ከኋላው ትንሽ ጓሮ ይተዉ። ወዴት እንደሚዞር ግን ሴቶቹ ራሳቸው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ቀርከሃ ነቀዝ ይበላዋል፣ በእሳትም ይጋያል። ለምን ትመክሩታላችሁ?

ስለ ነቀዙ እውነትዎን ነው። ኮክስ ባዛርም መጀመሪያ በጥሬው የተተከለው ቀርከሃ በነቀዝ ተበልቶ ነበር፤ በኋላ የማከሚያ ጣቢያ ተቋቋመ። ሦስት ዓመት ያለፈውን ይቁረጡ፤ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሕድ ይዘፍዝፉት። መድኃኒቱ በዝናብ ስለሚታጠብ የጣራው ክፈፍ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውጣ፤ የምሰሶው እግርም አፈር አይንካ፣ የሲሚንቶ መቆሚያ ላይ ይረፍ።

እሳቱን ግን ምንም መድኃኒት አያስቀረውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 እዚያው የተነሳው ቃጠሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያለ መጠለያ አስቀርቷል። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ በየ300 ሜትሩ ሰፈር መካከል 30 ሜትር ባዶ መሬት እንዲተው ይላል። ጣቢያው ሲጨናነቅ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ያ መሬት ላይ ነው፤ አዳራሽ እንዳታቆሙበት። አዳራሹ ራሱ በተቃራኒ ጎን ሁለት በሮች ይኑሩት፤ ሁለቱም ወደ ውጭ ይከፈቱ።