ልጁ ተመልሶ ቢመጣስ?

ሰላም አድማጮቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ድምፄ የጠፋው እናቴን ለማሳከም ዴልሂ ከርሜ ስለነበር ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ደኅና ናት። ዛሬ የማወራችሁ ግን እዚያ ስላየሁት ነገርና ከዓመታት በፊት ስለተውኩት አንድ ሊስትሮ ልጅ ነው።

እናቴ ምርመራ ላይ በነበረችበት አንድ ጠዋት፣ «ሳላም ባላክ ትረስት» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት የኒው ዴልሂን ባቡር ጣቢያ አካባቢ በእግር እንደሚያስጎበኝ ሰማሁ። አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ጎዳና ላይ የኖሩ ወጣቶች ናቸው። ለመሄድ አመነታሁ፤ የልጅ መከራ ለጎብኚ ይታያል እንዴ ብዬ። የሚመራን ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ልጆቹን ፎቶ እንዳናነሳ ሲያስጠነቅቀን ነው ልቤ ያረፈው።

እኔን «ዲዲ» እያለ ነበር የሚጠራኝ፤ ታላቅ እህቴ እንደ ማለት ነው። ባቡሩ መንገደኛውን ሲያራግፍ ልጆች ተሽቀዳድመው ገብተው ባዶ ጠርሙስ ይለቅማሉ። አንዳንዱን ውኃ ሞልተው መልሰው ይሸጡታል። ገንዘቡንስ ለምን አያጠራቅሙም ብዬ ጠየቅኩት። ማታ ትልልቆቹ ፈትሸው ስለሚቀሟቸው፣ ሳይመሽ መብላት ወይም ሲኒማ መግባት ይሻላል አለኝ። የጎዳና ልጅ ለነገ አያስብም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እነዚህ ግን የሚመጣውን ሌሊት ጠንቅቀው የሚያውቁ ልጆች ናቸው።

ከዚያው ጣቢያ ከተነሡት አንዱ ፎቶግራፍ አንሺው ቪኪ ሮይ ነው። ታሪኩን ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። በምዕራብ ቤንጋል ካለችው ፑሩሊያ በ11 ዓመቱ ጠፍቶ ዴልሂ ገባ፤ ጠርሙስ ለቀመ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጠበ። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠለያ አስገብተውት ነበር፤ በሩ ግን ይቆለፋል። አምልጦ ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ኋላ ድርጅቱ እንደገና ተቀበለው፤ ትምህርት ቤትም አስገባው። የፈተና ውጤቱ ዝቅ ሲል ሙያ እንዲማር መከሩት፤ እሱም ካሜራ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ የፎቶግራፍ ትርኢቱን አሳየ፤ ከዚያም ኒውዮርክ ሄዶ የዓለም ንግድ ማዕከል እንደገና ሲገነባ እያነሳ መዘገበ። ኒውዮርክ መድረሱ ደስ ያሰኛል፤ እኔ ግን አእምሮዬ የሚመላለሰው ባመለጠበት ቀን ላይ ነው። ያን ቀን አንድ ሰው «ውለታ ቢስ ነው፣ ተዉት» ብሎ መዝገቡን ቢዘጋውስ ኖሮ?

እኔ ዘግቼዋለሁ። ሰፈራችን አስፋልቱ ዳር ጫማ የሚጠርግ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ነበር። ደብተርና የደንብ ልብስ ገዝቼ ትምህርት ቤት አስመዘገብኩት። ሦስት ሳምንት ተምሮ ቀረ፤ ከነሣጥኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔም ተቀይሜ በሌላው መንገድ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን እንኳ ቆሜ ለምን ቀረህ አላልኩትም።

ሙምባይ ውስጥ ጄሩ ቢሊሞሪያ የተባለች የማኅበራዊ ሥራ መምህርት ለጎዳና ልጆች የቤቷን ስልክ ሰጥታ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ይደውሉላታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው የልጆች የእርዳታ ስልክ ከዚያ የመጣ ነው። ቁጥሩ 1098 ነው፤ በሕንድኛም አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት እየተባለ ወደ ኋላ ስለሚቆጠር ፊደል ያልቆጠረ ልጅም ይይዘዋል። የሚደውለው ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ደውሎ እንደማያበቃ ሴትዮዋ ከራሷ ስልክ ተምራለች።

የምሳውንም ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን የነካኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲቀርብ አዘዘ። «አክሻያ ፓትራ» የተባለው ድርጅት በበኩሉ አንድ ዓመት ቀድሞ ባንጋሎር ላይ ለ1,500 ልጆች ማብሰል ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ በመንግሥት እህልና ገንዘብ ጭምር እየታገዘ ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይመግባል። ሠርቶ የሚበላ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲውል ምሳው ይቀርበታል። ወላጅም ልጁን ወደ ሥራ ከሚያሰማራበት ምክንያት አንዱ ይኸው ጉርሻ ነው።

ይህን ስሰማ የዚያ ሊስትሮ ድምፅ መጣብኝ። ስናስመዘግበው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን፣ እጁ ላይ ጥቁሩ ቀለም ገና ሳይለቅ፣ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ እዚህ ምሳ ያበላሉ?» ብሎኝ ነበር። እኔም ራሱን እየዳበስኩ «አንተ ብቻ ትምህርትህን ተማር» አልኩት።