ፕላኔታሪየም ውስጥ ያንኮራፋው ማነው?

ኤልያስ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ኤልያስና ቤዛ ነን፣ እንደተለመደው ከቨርጂኒያ። የዛሬው ወሬያችን ትምህርት ቤቶች ልጆችን ፕላኔታሪየም፣ ማለት ሰማዩን ከነኮከቦቹ ጣራው ላይ የሚያሳይ አዳራሽ፣ እየወሰዱ ስለ ህዋ ማስተማራቸው ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ርዕሱን ያመጣችው ቤዛ ስለሆነች እኔ ዛሬ ቡናዬን ይዤ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።

ቤዛ፦ አንተ ደግሞ መቼ ነው ዝም ብለህ የምታውቀው?

ኤልያስ፦ ይኸው ጀመረች።

ቤዛ፦ እሺ ስማኝ። የልጄ ክፍል ፊልድ ትሪፕ ነበራቸው። ሦስተኛ ክፍል ነው። ወላጅ አጃቢ ይፈለጋል ሲሉ እኔም ተመዘገብኩ። በዛ ቢጫ አውቶቡስ ሄደህ ታውቃለህ? ጆሮ አይተርፍህም! ብቻ ደረስን። ክብ አዳራሽ ነው፣ ጣራው ጉልላት፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ለጠጥ የሚል። መብራቱ ቀስ እያለ ጠፋ፣ ኮከቦቹ ፍጥጥ አሉ፣ ልጆቹ ባንድ ድምፅ "ዋው!" አሉ። ከዛ እረጭ አለ። በዛ ጸጥታ መሃል ምን ቢሰማ ጥሩ ነው? ማንኮራፋት።

ኤልያስ፦ ኧረ በናትሽ!

ቤዛ፦ ወላጅ ነው፣ ሊጠብቃቸው የመጣ። ሌሊቱን ሙሉ ኡበር ሲነዳ ያደረ ሰውዬ፣ ለስላሳ ወንበርና ጨለማ ሲያገኝ በቃ ተሸነፈ። አንዷ ልጅ እጇን አወጣችና "ይሄ የብላክ ሆል ድምፅ ነው?" አለች።

ኤልያስ፦ (ሳቅ) ቆይ፣ ቆይ... ሐበሻ ነው አይደል?

ቤዛ፦ እሱን አልናገርም።

ኤልያስ፦ ባልሽ ነው!

ቤዛ፦ ባሌ ኡበር አይነዳም።

ኤልያስ፦ አዎ፣ ሊፍት ነው የሚነዳው።

ቤዛ፦ (ሳቅ) ልጨርስ! ቁም ነገሩ የፕላኔታሪየሙ አስተማሪ የመለሰችላት ነው። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። "ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ድምፅ ለመሄድ አየር ወይም ውሃ ወይም ሌላ የሚያስተላልፈው ነገር ይፈልጋል። በኛና በብላክ ሆሉ መካከል ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ይሄ ድምፅ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?" ልጆቹ ባንዴ "ከምድር!" አሉ።

ኤልያስ፦ ከምድር፣ ከሦስተኛው ረድፍ።

ቤዛ፦ እና እኔ የምለው ምንድነው፣ ፊልም ቢሆን ኖሮ ይሄን መመለስ ይችል ነበር? አይችልም። ፊልሙ ሙዚቃውን ለቆ ወደ ሳተርን ይበር ነበር። ፕላኔታሪየም ጥሩ የሚሆነው እዛው ቆሞ፣ በጨረር እየጠቆመ፣ ልጅ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ሲኖረው ነው።

ኤልያስ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ዝም እላለሁ ብዬ ነበር፣ ግን አልስማማም። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ሳይንስ ሙዚየም፣ ያ በ2015 መስከረም ላይ የተመረቀው፣ እሱ ጋ ጉልላቱ ውስጥ ፊልም አይታ መጥታ ሳምንት ሙሉ ስለ ፕላኔት ነው ያወራችው። ማንም አልጠቆመላትም። ልጅ መጀመሪያ መደነቅ አለበት። ጥያቄው ከዛ በኋላ ይመጣል።

ቤዛ፦ መደነቁንማ ማን ጠላ። ከዛ በኋላ ምን ቀረ ነው። የትኛው ኮከብ የት እንዳለ ታውቃለች?

ኤልያስ፦ አንቺ ታውቂያለሽ?

ቤዛ፦ አሁን አዎ! ቆይ፣ የዕለቱን ምርጥ ነገር ልንገርህ። ሴትየዋ የሰሜን ኮከብን አሳየቻቸው። ከዛ "ክንዳችሁን ቀጥ አርጋችሁ ዘርጉ፣ ጡጫ ጨብጡ" አለች። ክንድህን ዘርግተህ ስታየው አንድ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ይሆናል። ከአድማሱ፣ ከጉልላቱ ግርጌ ጀምረው፣ አንዱን ጡጫ ባንዱ ላይ እየደረቡ እስከ ሰሜን ኮከብ መቁጠር ነው። እስቲ አስበው፣ ጨለማ ውስጥ ያ ሁሉ ትንንሽ ጡጫ ሲወጣ። "ሦስት!" "አራት!" "አራት ሊሞላ ትንሽ ቀረው!" ይባባላሉ።

ኤልያስ፦ ያንቺውስ?

ቤዛ፦ የኔው አምስት አለ። ከየት እንደጀመረ እንጃ። ብቻ አራት አካባቢ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ያለነው ኬክሮስ፣ ማለት ከምድር ወገብ ያለን ርቀት፣ 39 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያላት ከፍታ ካለህበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ድሮ መርከበኞቹ በዚሁ ነው የትጋ እንዳሉ የሚያውቁት።

ኤልያስ፦ ይሄን እኛ በቃል ሸምድደን ነው ያለፍነው። "የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከኬክሮስ ጋር እኩል ነው፣ እውነት ወይስ ሐሰት?"

ቤዛ፦ እውነት ብለህ አንድ ማርክ አገኘህ፣ አበቃ። እነዚህ ግን በእጃቸው ለኩት። ከዛ ደግሞ ምን አለች፣ "ቤተሰቡ ከሌላ አገር የመጣ አለ?" ልጄ ዘሎ ተነሳ። "አዲስ አበባ!" ኮምፒውተሩ ላይ 9 ዲግሪ አስገባች። ኤልያስ፣ ሰማዩ በሙሉ ተንሸራተተ። የሰሜን ኮከብ ቁልቁል ወርዳ ወርዳ፣ አድማሱ አጠገብ አንድ ጡጫ ላይ ቀረች። ሲያዩት ዝም አሉ። እኔ ራሴ ወንበሩን ጨብጬ ነበር፣ የዞርኩ መስሎኝ።

ኤልያስ፦ አንድ ጡጫ ብቻ? ለዛ ነዋ እኔ አይቻት የማላውቀው። ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት፣ በሰሜን በኩል ያለው እንጦጦ ነው።

ቤዛ፦ ሽሮ ሜዳ ከሆንክማ ተራራው ሳይጋርድህ አይቀርም! 9 ዲግሪ ምን አላት።

ኤልያስ፦ የሚገርምሽ፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ቴሌስኮፖቹን የተከለው እዛው እንጦጦ ላይ ነው። 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሁለት ቴሌስኮፕ፣ የእያንዳንዱ መስታወት ስፋት አንድ ሜትር። እኔ ከሥሩ አድጌ ኮከብ አላየሁም። ሶሳይቲውን ሲያቋቁሙ ሰው "እነዚህ አብደዋል እንዴ፣ ዳቦ ሳንጠግብ ኮከብ" ይላቸው ነበር።

ቤዛ፦ ይባል ነበር፣ አዎ። አሁን ደግሞ ከነሱ በኋላ ሳተላይትም ተላከ፣ በ2012 ታኅሣሥ። ግን ወደ ጉልላቱ ልመልስህ። የሰሜን ኮከብ ስትወርድ በደቡብ በኩል ደግሞ ከዚህ የማይታይ ነገር ወጣ። የደቡብ መስቀል። ከቨርጂኒያ ምንም ብታደርግ አይወጣልህም። ከአዲስ አበባ ግን ግንቦት ላይ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ብታይ፣ ደመና ከሌለ፣ ሁለት ጡጫ ከፍታ ላይ አለልህ። ልጄ "እማዬ፣ አያቴ ይሄን ታያለች?" አለኝ።

ኤልያስ፦ እና ምን አልሽው?

ቤዛ፦ ታያለች አልኩት። እናቴ ግን በሦስት ሰዓት ተኝታለች።

ኤልያስ፦ (ሳቅ) እንደ ባልሽ!

ቤዛ፦ ተው አልኩህ!

ኤልያስ፦ አይ፣ አሁን "ሦስት ሰዓት" ስትዪ አንድ ነገር መጣብኝ። የኛ ሰዓት አቆጣጠር። ንጋት 12 ሰዓት፣ ምሽት 12 ሰዓት። ይሄን እዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ማስረዳት ራስ ምታት ነው። "ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?" ይሉኛል።

ቤዛ፦ ይሄን ነገር እኮ እዛው ጉልላቱ ሥር ነው የገባኝ! ሴትየዋ ፀሐይን በፍጥነት አስኬደቻት። ቨርጂኒያ ላይ በሰኔ ቀኑ 15 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ በታኅሣሥ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እዛው ሰዓቷ አካባቢ ነው የምትወጣው። ታዲያ ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ምን ችግር አለው? እዚህ ብትሞክረው ነው የሚያሳብድህ።

ኤልያስ፦ ጎሽ! ሰኞ ቢሮ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ለሃያ ዓመት መልስ ያጣሁበት ነገር።

ቤዛ፦ ሌላም አለ። እዚህ ለልጆቹ "ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት" ብለው ነው የሚያስተምሯቸው። ለቨርጂኒያ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ልክ አናትህ ላይ ትሆናለች፤ በመሃል፣ ሰኔ ላይ፣ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ቀትር ላይ ብትቆም ጥላህ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው።

ኤልያስ፦ ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ጥላ የት አለ? ጃንጥላ ነው ያለው።

ቤዛ፦ (ሳቅ) እሱስ ልክ ነህ። አየህ፣ ይሄም ራሱ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ክረምት ላይ እንጦጦ ያለው ቴሌስኮፕ ምን ያያል? ደመና። ጉልላት ግን ዝናብ አይገደውም። ደግሞ ትምህርት ቤት ቀን ነው፣ ኮከብ ማታ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በሌሊት ሰብስበህ የት ትወስደዋለህ?

ኤልያስ፦ እሺ፣ ርዕሳችን ይሄ ነበር እኮ፣ ያስታወሰም የለ። አሜሪካኖቹ ይሄን ነገር በየትምህርት ቤቱ መሥራት የጀመሩት እንዴት ነው? የልጄ ሃይስኩል ውስጥ አንድ አለ፣ ሳየው ደንግጫለሁ። ሃይስኩል ውስጥ!

ቤዛ፦ በሩሲያ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቭየቶች የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት፣ ስፑትኒክን፣ ሲያመጥቁ አሜሪካ ክው አለች። በዓመቱ፣ በ1958፣ ለሳይንስ ትምህርት ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ አወጡ። ከዛ በየአውራጃው ጉልላት ተሠራ። ማሽኑም ረክሶ ነበር። የመጀመሪያው የጀርመኖቹ የዛይስ ፕሮጀክተር ነው፣ በ1923 የታየው፣ እሱ የሀብታም ከተማ ዕቃ ነው። በኋላ አርማንድ ስፒትዝ የሚባል አሜሪካዊ በ500 ዶላር የሚሸጥ ሠራ። ኮከብ የሚያወጣውን ኳስ ድቡልቡል ማድረግ ውድ ስለሆነ አሥራ ሁለት ጠፍጣፋ ገጽ ያለው አደረገው፣ በቀዳዳዎቹ ብርሃን ይወጣል፣ በቃ። ትምህርት ቤት ሊገዛው የሚችል ነገር ሆነ።

ኤልያስ፦ ቀዳዳ ያለው ሳጥንና አምፖል!

ቤዛ፦ በለው። እዚሁ አርሊንግተን ያለው በዛው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተ ነው። ዴቪድ ብራውን ይባላል፣ የአርሊንግተን ልጅ በነበረው ጠፈርተኛ ስም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ መንኮራኩር ስትመለስ ስትበታተን ከሞቱት ሰባቱ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአርሊንግተን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር በጀት የለኝም፣ ልዝጋው አለ። ሰፈርተኛው ተነሳ፣ ማኅበር አቋቁሞ 400 ሺህ ዶላር ገደማ ሰበሰበ፣ ታድሶ ተከፈተ።

ኤልያስ፦ ለፕላኔታሪየም? እኛ እኮ ለዕድር ስንዋጣ እንጣላለን።

ቤዛ፦ ለፕላኔታሪየም! ልጅ ሆነው እዛ ገብተው የነበሩ ሰዎች አሉበታ። አንድ ቀን የሄደ ልጅ ምን ያህል እንደሚይዘው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ኤልያስ፦ እና ፊልም አይተው አይደል የወደዱት?

ቤዛ፦ በ1969 የምን ፊልም! ኮከብና ቆሞ የሚያወራ አስተማሪ ነው የነበረው።

ኤልያስ፦ እሺ፣ አንድ ለዜሮ። ግን አገር ቤት ያለውን አስቢ። ገጠር ያለ ልጅ ጉልላት ምን ያደርግለታል? ደጁ ላይ ሙሉ ሰማይ አለው፣ ከዚህ ካለን ካንቺና ከኔ ልጆች የተሻለ ያያል። የሚያስፈልገው የሚነግረው ሰው ነው።

ቤዛ፦ "የሚነግረው ሰው" አልክ! የኔን ነው የተናገርከው።

ኤልያስ፦ ኧረ አይደለም፣ እኔ ያልኩት...

ቤዛ፦ ብለሃል፣ ተቀድቷል። እኔ ግን ገጠርም ቢሆን ጉልላቱ ይጠቅማል ነው የምለው። በአየር የሚነፋ፣ ተጣጥፎ መኪና ላይ የሚጫን አለ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ይነፋል፣ ልጆቹ እየዳሁ ይገባሉ። ያንን ይዞ በየወረዳው መዞር ነው። ቀን ያሳያቸዋል፣ ማታ ደጃቸው ላይ ራሳቸው ይፈልጉታል።

ኤልያስ፦ መብራት ከሌለ ማሽኑ በምን ይሠራል?

ቤዛ፦ ጀነሬተር።

ኤልያስ፦ ነዳጁስ?

ቤዛ፦ አንተ ሰው ሥራህ ማፍረስ ነው! እሺ፣ ይሄን አልጨረስነውም። አድማጮች ይጻፉልን። በተለይ መምህራን፣ አዲስ አበባም ያላችሁ፣ ልጆች ይዛችሁ ሄዳችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍል ውስጥ ምን አስተማራችኋቸው? እኔ የፈራሁት እሱን ነው፣ እንደ ሽርሽር ወስዶ መመለስ። የልጄ መምህርት ከመሄዳቸው በፊት ለአንድ ሳምንት ጨረቃን አስላቸዋለች፣ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ የቤት ሥራው ከቤት ወጥቶ በጡጫ መለካት ነበር። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቆመን ስንለካ ጎረቤት ሰላምታ የምንሰጠው መስሎት እጁን አወዛወዘልን።

ኤልያስ፦ (ሳቅ) ስንት ሆነ ታዲያ?

ቤዛ፦ አራት። በመጨረሻ አራት አለ። ለማንኛውም፣ ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ ኔቸር ሴንተር ውስጥ ትንሽ ፕላኔታሪየም አለ፣ ነፃ ነው። የፓርኩ ሬንጀሮች ራሳቸው ናቸው ቆመው የሚያሳዩት። ልጅ ያለው ሰው እዛ ይጀምር።

ኤልያስ፦ ፊልም የምትወዱ ደግሞ ስሚዝሶኒያን ኤር ኤንድ ስፔስ ሙዚየም ውስጥ የአይንስታይን ፕላኔታሪየም አለላችሁ። እሱ ትኬት አለው፣ ግን ትበራላችሁ።

ቤዛ፦ መጀመሪያ ሮክ ክሪክ።

ኤልያስ፦ መጀመሪያ ስሚዝሶኒያን። የሁለቱንም የሰዓት ፕሮግራም ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ እዩ፣ አንዳንድ ቀን ዝግ ናቸው። በሉ ሰላም ሁኑ፣ ሳምንት እንገናኝ።