ዊጀት ስልካችሁን የሚያደክመው መቼ ነው?

[ምስል፦ ጠዋት፣ የጣና ዳርቻ፣ ወደቡ ላይ የቆሙ ጀልባዎች። ቀጥሎ የአንድ ስልክ ሆም ስክሪን በቅርበት።]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ዊጀት እናወራለን። ሆም ስክሪን ላይ ተቀምጠው ሰዓት፣ ቀን፣ የአየር ሁኔታ፣ ፎቶ ወይም ዜና የሚያሳዩን ሳጥኖች ማለቴ ነው።

እዚህ ባሕር ዳር ስልኩ የተንቀራፈፈበት ሰው ሞባይል ቤት ጎራ ሲል ቶሎ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ዊጀቶቹን አጥፋቸው» የሚል ነው። ምክሩ መሠረት አለው። ችግሩ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። ምንም የማይበላው ሰዓት ይነሳል፤ ቻርጅ የሚጨርሰው ግን ሌላ ቦታ ሥራውን ይቀጥላል።

ስለዚህ ዊጀቶቻችሁን አትቁጠሩ። እያንዳንዱ የሚያሳያችሁን ነገር ከየት እንደሚያመጣው ጠይቁ። ከስልኩ ውስጥ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ከኢንተርኔት ከሆነ በየስንት ጊዜው እንደሚያመጣ እዩ። የቆማችሁበትን ቦታ እየፈለገ የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ ጠበቅ አድርጋችሁ መርምሩት።

[ስክሪን ላይ፦ አፕ፣ ላውንቸር፣ ዊጀት። በመካከላቸው ቀስት።]

አሠራሩን እንይ። አንድሮይድ ላይ ዊጀት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከአንድሮይድ 1.5 ጋር ነው። ዊጀቱን ስክሪን ላይ የሚስለው አፑ አይደለም፤ ላውንቸሩ ነው። ላውንቸር የሚባለው ሆም ስትነኩ የሚመጣው፣ አይኮኖቹን የሚደረድርላችሁ ፕሮግራም ነው። ቴክኖም ሳምሰንግም ኢንፊኒክስም የየራሳቸው አላቸው። የአየር ሁኔታ አፑ ለላውንቸሩ «እዚህ ጋ 24 ዲግሪ ብለህ ጻፍ፣ እዚያ ጋ የደመና ሥዕል አድርግ» የሚል መመሪያ ይልካል። ከዚያ አፑ ሊተኛ ይችላል።

ከዚህ የተነሳ ሆም ስክሪኑን ግራና ቀኝ ስታንሸራትቱ ከዊጀቱ ጀርባ ያለው አፕ አይነሳም። ስክሪኑ ሲጠፋም ዊጀቱን የሚስል የለም። ወጪው ያለው መመሪያው ሲታደስ ነው። አንድሮይድ በራሱ የጊዜ ቆጠራ ዊጀት የሚያድሰው ቢበዛ በ30 ደቂቃ አንዴ ነው። በሌላ መንገድ ሥራቸውን ቀጠሮ የሚያስይዙ አፖች እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ማውረድ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ቶሎ ቶሎ ማደስ የሚፈልግ አፕ ከበስተጀርባ ነቅቶ መቆየት አለበት። ባትሪው ላይ በግልጽ የሚታየው ያኔ ነው።

አሁን ከሰዓት እንጀምር፤ ምክንያቱም ያለጥፋቱ የሚከሰሰው እሱ ነው።

በየደቂቃው የሚቀያየር ነገር ብዙ የሚበላ ይመስላል። በደንብ የተሠራ የሰዓት ዊጀት ግን አፑን በየደቂቃው አይቀሰቅስም። መጀመሪያ ላይ ለላውንቸሩ «እዚህ ጋ ሰዓት አሳይ» ይለዋል፤ ደቂቃዋን የሚቀይራት ራሱ ላውንቸሩ ነው። ኢንተርኔት አይነካም፣ ጂፒኤስ አይነካም። ተዉት፣ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር ላሳያችሁ። ስልኩ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እኛ ጠዋት 2፡30 የምንለውን እሱ 8፡30 ይላል። ብዙ ሰው የሐበሻ ሰዓት ለማየት ሲል ማስታወቂያ የሞላበት አፕ ያወርዳል። አስፈላጊ አይደለም። የስልካችሁን የዓለም ሰዓት ዊጀት አምጡና ከተማውን ቦነስ አይረስ አድርጉት።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን። አዲስ አበባ 8፡30፣ ቦነስ አይረስ 2፡30።]

የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በአሁኑ አሠራራቸው ደግሞ በክረምትና በበጋ አይቀያየርም። ስለዚህ ዊጀቱ የሚያሳየው ቁጥር ልክ የእኛ አቆጣጠር ነው። ኤኤም ሲል ቀን ነው፣ ፒኤም ሲል ማታ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከፒኤም ወደ ኤኤም ይሻገራል። ከሥሩ የሚጽፈውን ቀን ግን አትመኑት፤ የቦነስ አይረስ ቀን ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ ድረስ የትናንቱን ያሳያችኋል። ይህ ሁሉ ያለ ተጨማሪ አፕ፣ ያለ ዳታ ነው።

የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያም እንደዚሁ ቀላል ነው። ቀኑ የሚቀየረው በ24 ሰዓት አንዴ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ መሆኑን ለማሳየት፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን ለማስላት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ስልኩ ውስጥ ያልቃል። እንዲህ ዓይነት ዊጀት ዳታ ሲበላ ካያችሁት ዳታውን የሚወስደው ቀኑ አይደለም፣ ማስታወቂያው ነው። ሌላ ፈልጉ።

[ምስል፦ ሐይቁ ላይ የሚሄድ ጀልባ። የነጂው ስልክ ላይ የአየር ሁኔታ ዊጀት።]

ወደ ከባዱ እንምጣ። የአየር ሁኔታ ዊጀት።

ጣና ዳር የሚኖር ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባኛል። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ይበረታል። ወደ ዘጌ ሰው ጭኖ የሚሄድ ጀልባ ነጂ፣ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው፣ ጎርጎራ ድረስ የሚሻገር ነጋዴ ነፋሱን ማወቅ አለበት። ለእሱ ይህ ዊጀት ጌጥ አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው። ስለዚህ «አጥፋው» አልለውም። በትክክል አስተካክለው እለዋለሁ።

ዊጀቱ የሚያመጣው ዳታ ራሱ ትንሽ ነው። ጥቂት ቁጥሮችና ቃላት ናቸው። ቻርጁን የሚበላው ዳታውን ለማምጣት የሚደረገው ጉዞ ነው። ስልኩ ከኔትወርክ ጋር የሚያወራበት ሬዲዮ አለው። ሬዲዮው ከእንቅልፉ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ወዲያው አይጠፋም። ተሳፋሪውን አውርዶ ሌላ ይመጣ ይሆናል ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ እንደሚጠብቅ ባጃጅ ለጥቂት ሰከንዶች ነቅቶ ይቆያል። አምስት አፖች በተለያየ ደቂቃ ትንሽ ትንሽ ካመጡ ሬዲዮው አምስት ጊዜ ይነሳል። ሁሉም በአንዴ ቢያመጡ አንዴ ተነስቶ ያርፍ ነበር።

ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ከዳርቻው ማማ እየራቃችሁ ወደ መሃል በገባችሁ ቁጥር ስልኩ ድምፁን ለማሰማት ኃይል ይጨምራል። ማምጣት ያልቻለ አፕ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። ሐይቁ ላይ ስትውሉ ስልኩ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ቻርጁ ቶሎ የሚወርደው በዋናነት በዚህ ነው። ስክሪን አልነካችሁም፤ ሬዲዮው ግን ሲታገል ውሏል።

ሁለተኛው ወጪ ቦታ ፍለጋ ነው። አብዛኛው የአየር ሁኔታ አፕ መጀመሪያ ሲከፈት «ያላችሁበትን ቦታ ልወቅ» ይላል፤ እኛም እሺ ብለን እናልፋለን። ከዚያ በኋላ ባደሰ ቁጥር የት እንዳላችሁ ይፈልጋል። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ይህን ምን ያደርግለታል? ከፋሲሎ ወደ ፔዳ ብትሄዱ የአየር ሁኔታው አይቀየርም።

[ስክሪን ላይ፦ የአፑ ሴቲንግ። ጣት «ቦታ» የሚለውን ያጠፋል፤ «ባሕር ዳር» ተብሎ ይጻፋል።]

እንዲህ አድርጉ። የአፑን ሴቲንግ ክፈቱ። አሁን ያላችሁበትን ቦታ የሚከተለውን ምርጫ አጥፉና ባሕር ዳርን በእጃችሁ ጻፉ። ሐይቁን የምትሻገሩ ከሆነ ጎርጎራንም ጨምሩ፤ የሁለቱን ዳር ነፋስ ታያላችሁ። ቀጥሎ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ለአፑ የሰጣችሁትን የቦታ ፈቃድ ንሱት። መጨረሻ ላይ የማደሻ ጊዜውን በ3 ሰዓት አንዴ አድርጉት። ትንበያ በየ15 ደቂቃው አይለወጥም። ወደ ሐይቁ ልትወጡ ስትሉ ራሳችሁ ነክታችሁ አድሱት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዊጀቱ መቼ እንደታደሰ እዩ። ብዙዎቹ ጥግ ላይ በትንሹ ይጽፉታል። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ ስልክ ተቀምጦ ስክሪኑ ጠፍቶ ሲቆይ ከበስተጀርባ የሚደረገውን የኢንተርኔት ሥራ ያዘገየዋል። በዚያ ላይ ገበያችን ውስጥ ያሉ ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ያልተከፈተን አፕ ይዘጋሉ። አፑ ሲዘጋ ዊጀቱ ከስክሪኑ አይጠፋም። የመጨረሻውን መመሪያ ይዞ ይቀመጣል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የምታዩት «ነፋስ የለም» የትናንት ማታ ሊሆን ይችላል። ቻርጅ ከሚበላ ዊጀት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሰው ጭኖ ለሚወጣ ነጂ ያረጀ መረጃ ከምንም መረጃ ይከፋል። እንዲህ የሚሆንባችሁ ከሆነ ለዚያ አፕ ብቻ የባትሪ ገደቡን አንሱለት፤ ሌሎቹ እንደታሰሩ ይቆዩ። ትንበያው ራሱም በኪሎ ሜትሮች ለሚለካ ቦታ የተሰላ ነው እንጂ እናንተ ያላችሁበት ውሃ ላይ የተለካ አይደለም። ሐይቁን ለዓመታት የሚያውቁት አባቶች «ዛሬ አትውጡ» ካሉ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት።

የዜና ዊጀት ላይ ብዙ አልቆይም። ፎቶ ያመጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፣ ጥቅል ይበላል። ዜናውን በራሳችሁ ሰዓት አፑን ከፍታችሁ አንብቡ።

[ምስል፦ 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ። ጨዋታ ይዘጋል፤ ሆም ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ አይኮኖቹ፣ ከዚያ ዊጀቶቹ አንድ በአንድ ይሞላሉ።]

አሁን ስለ ፍጥነት። ይህን ልብ ብላችሁ እዩት። ከጨዋታ ወይም ከቲክቶክ ወጥታችሁ ሆም ስትነኩ ስክሪኑ ለአፍታ ባዶ ይሆናል። አይኮኖቹ ይመጣሉ። ዊጀቶቹ ደግሞ አንድ በአንድ ይሞላሉ። ምን ሆነ? ራም የሚባለው የተከፈቱ አፖች የሚሠሩበት ቦታ ነው፤ 2 ወይም 3 ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ ከባድ አፕ ሲከፈት ይህ ቦታ ይጠባል። ሲስተሙ ቦታ ለማስለቀቅ ከበስተጀርባ ያሉትን ይዘጋል፤ ሲጨንቀው ላውንቸሩንም ይዘጋዋል። ስትመለሱ ላውንቸሩ ከዜሮ ይነሳል፤ ዊጀቶቹንም እንደገና ይስላል። ዊጀት በበዛ ቁጥር፣ በተለይ ፎቶ በበዛበት ቁጥር፣ ይህ ጊዜ ይረዝማል።

ፎቶ ለምን? ፋይሉ ትንሽ ቢሆንም ስክሪን ላይ ሲወጣ እያንዳንዷ ፒክስል፣ ማለትም ሥዕሉ የተሠራባት ነጥብ፣ 4 ባይት ራም ትይዛለች። 720 በ1600 የሆነ ስክሪን የሚሞላ ፎቶ 4.6 ሜጋ ባይት ያህል ነው። አንድሮይድ ለአንድ ዊጀት ሥዕል የሚፈቅደው የስክሪኑን አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ በዚህ ስክሪን ወደ 7 ሜጋ ባይት ይመጣል። አንዱ ምንም አይደለም። የልጆች ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የአልበም ዊጀት በየገጹ ሲደረደር ግን ላውንቸሩ ይከብዳል፤ የከበደ ላውንቸር ቦታ ሲጠብ ለመዘጋት የቀረበ ይሆናል። ትንሽ ራም ካላችሁ የምትወዱትን አንድ ፎቶ ዎልፔፐር አድርጉትና ፎቶ ዊጀቶቹን አንሱ።

ዎልፔፐር ካልን አይቀር፣ የሚንቀሳቀሰውን ተጠንቀቁ። ሆም ስክሪኑ በታየ ጊዜ ሁሉ ሊስል የሚችለው እሱ ነው። ዊጀት አስነስቶ የሚንቀሳቀስ ዎልፔፐር የሚተው ሰው ብዙ ነው።

ደግሞም እለምናችኋለሁ፣ «ስልክ አፍጣኝ» የሚባለውን ዊጀት አንሱት። ያቺን ክብ ቁልፍ ስትነኩ «ይህን ያህል ሜጋ ባይት ጸድቷል» ትላችኋለች፤ ደስ ይላል። ያደረገችው ግን ቶሎ እንዲከፈቱ ራም ላይ የተቀመጡትን አፖች መዝጋት ነው። ከደቂቃ በኋላ ቴሌግራምን ስትከፍቱ ከዜሮ ይነሳል፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ጊዜና ቻርጅ ይወስዳል። አንድሮይድ ራሙን ራሱ ያስተዳድራል።

አይፎን የያዛችሁ ጭንቀታችሁ ያነሰ ነው። ሆም ስክሪን ላይ ዊጀት የገባው እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይኦኤስ 14 ጋር ሲሆን፣ አፕል ለእድሳቱ ኮታ አውጥቶለታል። ቶሎ ቶሎ የምታዩት ዊጀት በቀን የሚፈቀድለት በተለምዶ ከ40 እስከ 70 እድሳት ነው። የቦታውን ነገር ግን እናንተም አስተካክሉ።

[ስክሪን ላይ፦ ሴቲንግ፣ ባትሪ፣ የአፖች ዝርዝር።]

የራሳችሁን ስልክ እንዴት ትመረምራላችሁ? ሴቲንግ ግቡ፣ ባትሪ የሚለውን ክፈቱ፣ በአፕ የተዘረዘረውን እዩ። «ዊጀት» የሚል ስም አታገኙም። ስክሪን ላይ ለመሳል የወጣው በላውንቸሩ ስም ይቆጠራል፤ መረጃ ለማምጣት የወጣው በአፑ ስም። የአየር ሁኔታ አፑን ሳትከፍቱት ከዝርዝሩ ላይኛው ክፍል ካገኛችሁት ጥፋተኛው ተገኝቷል። ዳታውንም እዚያው አፕ ውስጥ እዩ፤ ከበስተጀርባ የተጠቀመው ለብቻው ተጽፏል።

ስታነሱት ደግሞ አንድ ቀሪ ሥራ አለ። ዊጀቱን ጫን ብላችሁ ይዛችሁ ብታስወግዱት አፑ ስልኩ ላይ ይቀራል። አንዳንዱ አፕ ለኖቲፊኬሽን ሲል ማምጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ዊጀቱን ካነሳችሁ በኋላ የአፑን ኖቲፊኬሽን ዝጉ፣ ከበስተጀርባ ዳታ እንዳይጠቀም አድርጉ። በማግስቱ የባትሪ ዝርዝሩን እንደገና ክፈቱ። አሁንም እዚያው ላይ ካለ አፑን ራሱን አጥፉት።