ባልና ሚስት ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሲሰጡ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ከጅማ ነው። የማነሳው ጉዳይ በዚህችው ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ቤት ለቤት መረጃ ስሰበስብ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ እንደሆነ ለየብቻቸው ሲጠየቁ፣ አንዳቸው «አዎ»፣ ሌላኛቸው «አንጠቀምም» የሚሉት ለምንድን ነው?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 15,683 ሴቶችንና 12,688 ወንዶችን አነጋግሯል። በትዳር ላይ ካሉት ሴቶች 35 በመቶው ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል፤ 23 በመቶው መርፌ፣ 8 በመቶው ደግሞ ክንድ ላይ የሚቀበረውን። በስብሰባ ላይ ይህ ቁጥር ሲጠቀስ የባልና ሚስት የጋራ ቃል ይመስላል፤ የተቆጠረው ግን የሚስቶች መልስ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ በርካታ አገሮች የሁለቱ መልስ ሲነጻጸር፣ እንጠቀማለን የሚሉት ባሎች ብዙውን ጊዜ ከሚስቶቹ በልጠው ተገኝተዋል።

የባሎቹ ቁጥር የሚበልጥበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ኮንዶም የሚጠቀም ሰው ከማን ጋር እንደሚጠቀም ካልተጠየቀ መልሱ ስለ ትዳሩ ላይሆን ይችላል፤ ሁለት ሚስቶች ያሉት ሰው ስለ አንደኛዋ የመለሰው ከሌላኛዋ መልስ ጋር ሊጣመር ይችላል። ቀን መቁጠርን ባል እንደ መከላከያ ሲያየው ሚስት ከቁም ነገር ላትጥፈው ትችላለች። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሚስቱ ደም በዝቶባት ወይም ወር አበባዋ ተዛብቶባት መርፌውን ካቆመች በኋላም እየወሰደች የሚመስለው ባል ነው። እርሱ አልዋሸም፤ የሚያውቀውን ተናግሯል። ስለ ሕመሟ በቤት ውስጥ አለመነገሩ ነው ያልተመዘገበው።

ሚስት «አዎ»፣ ባል «አይ» የሚሉበት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ተወዳጅ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ እንደ እንክብል ቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር አለመተዉ ነው፤ ክንድ ላይ የተቀበረው ግን በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። አንዲት እናት የቀጠሮ ካርዷን ጤና ኬላ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትታላት እንደምትሄድ፣ ቀጠሮዋንም ከገበያ ቀን ጋር እንደምታገጣጥም ነግራኛለች። ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጠን ስንነጋገር የግቢው በር ሲንኳኳ ድምፅዋን ሳትቀይር ወደ ልጇ ክትባት ተሻገረች። ባሏ ሰላም ብሎን ወደ ቤት ከገባ በኋላ ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ እሱን ሲጠይቁት የኔን መልስ ያነቡለታል እንዴ?» አለችኝ። የማንም መልስ ለማንም እንደማይነገር፣ እርሱንም ሌላ ሰው ለብቻው እንደሚያነጋግረው ደግሜ አስረዳኋት። ይህ ቃል ባይከበር ኖሮ የሚደርስባት ነገር ከመጠይቁ ገጽ በላይ ነበር።

በአንድ የመረጃ ማጣሪያ ስብሰባ ላይ፣ የባልና ሚስት መልስ ካልተጣጣመ ተመልሰን ሁለቱንም አንድ ላይ በማስቀመጥ እናስተካክል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አጥብቄ ተቃወምኩ፤ አሁንም እቃወማለሁ። የመረጃ ጥራት ተብሎ የቀረበው ሐሳብ የሴትየዋን ምስጢር በባሏ ፊት ማውጣት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ስምምነትም የፍርሃት ስምምነት ነው። መፈተሽ ያለበት መጀመሪያ የራሳችን ሥራ ነው፦ ጥያቄው ለሁለቱም በአንድ ዓይነት ቃል ቀርቧል ወይ? አማቷ ወይም ጎረቤቷ አጠገቧ ነበሩ ወይ? የጠየቃት ሰው ሴት ነበረች ወይ? ባል ስለ የትኛዋ ሚስቱ ነው የመለሰው?

ይህ ሁሉ ተጣርቶ የሚቀረውን ልዩነት አማካይ ቁጥር ውስጥ ባንቀብረው እመርጣለሁ። ሪፖርት የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ ሁለቱም «አዎ» ያሉባቸውን፣ ሚስት ብቻ «አዎ» ያለችባቸውን፣ ባል ብቻ «አዎ» ያለባቸውንና ሁለቱም «አይ» ያሉባቸውን ጥንዶች ለየብቻ አሳዩን። ሚስት ብቻ «አዎ» ያለችበት ረድፍ ሰፊ ሆኖ ከተገኘ፣ ጤና ጣቢያው ካርድ የሚያስቀምጥበትን መደርደሪያና ለብቻ የሚያነጋግርበትን ክፍል ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ ባል ብቻ «አዎ» ያለበት ከሰፋ ደግሞ መርፌውን ስላቋረጡት ሴቶች ሕመም የሚጠይቅና ሌላ አማራጭ የሚያቀርብ ባለሙያ ያስፈልጋል።