የእማዬ መዳፍ እና የስፖኪዮዬ ነገር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ ማይኩን ጋራዥ ውስጥ ነው ያቆምኩት፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ እንግሊዝ ነው እንግዲህ ምን ታደርጉታላችሁ።

ስለ ስፖኪዮ ነው የማወራችሁ። አዎ ስፖኪዮ። አዲስ አበባ እያለሁ የስፖኪዮ ችግር ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ማታ አቁመኸው ጠዋት የለም። እዚህ ደግሞ ስፖኪዮው አለ፣ ማንም አልነካውም፣ ግን ምንም አያሳይህም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ጋር ስታገል ነበር።

መኪናዋን ለማታውቋት፣ ሎተስ ሰቨንን የመሰለች ነገር ናት። ሎተስ ሰቨን የእንግሊዙ መኪና ሰሪ የሎተስ መስራች ኮሊን ቻፕማን በፈረንጆቹ 1957 ያወጣት ናት፣ ጣሪያ የላት፣ በር የላት፣ ሻንሲዋ ቀጫጭን የብረት ቱቦ ተበይዶ ከላዩ አሉሚኒየም ላሜራ የለበሰ። የሰውዬው ነገር ክብደት መቀነስ ነው፣ የማያስፈልግ ነገር ሁሉ ይውጣ። በ1973 ሎተስ ትቷት መብቱን ካተርሃም የሚባል ሌላ ድርጅት ወሰደው፣ ከዚያ ደግሞ ስንቱ አስመስሎ ሰራት። የኔዋ አንድ ሰውዬ በ1998 ቤቱ ውስጥ ራሱ የገጣጠማት ናት፣ 1.6 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ክብደቷ ከ600 ኪሎ በታች። ቪትዝ እንኳ ከ800 ኪሎ በላይ ናት እኮ! ጓደኞቼ የልጅ መጫወቻ ነው የሚሏት፣ ይበሉ።

በር የላትም አልኩ አይደል፣ በር ተብዬ ግን አለ። ቀጭን ፍሬም ላይ የተወጠረ እንደ ድንኳን ሸራ ያለ ነገር፣ መሃሉ ላይ የሚያሳይ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ በማጠፊያ የፊት መስታወቱን የያዘው ቋሚ ላይ ይንጠለጠላል፣ ስትፈልግ ነቅለህ ቤት ትተኸው ትሄዳለህ። ስፖኪዮው እዚያ ሸራ ላይ ነው የታሰረው።

እና 70 ማይል ላይ፣ 5ኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ወደ 3,600 ዙር ሲደርስ ስፖኪዮው ውስጥ ያለው ዓለም ውሃ ይሆናል። ከኋላዬ ያለው ፖሊስ ይሁን የዳቦ መኪና አላውቅም። ትንሽ ስፈጥን ይጠራል፣ ትንሽ ስቀንስ ይጠራል፣ እዚያችው ላይ ብቻ። ታዲያ ምን አደርግ ነበር መሰላችሁ፣ ማየት ስፈልግ ወደ 4ኛ እቀይራለሁ። ለስፖኪዮ ብሎ ማርሽ የሚቀይር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። 3,600 ማለት በሰከንድ 60 ዙር ነው፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ደግሞ በባህሪው በአንድ ዙር ሁለቴ ይንጣል፣ ስለዚህ በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። ማንኛውም የተንጠለጠለ ነገር ደግሞ የራሱ የሚወደው ምት አለው፣ ምቱ ከሞተሩ ምት ጋር ሲገጥም እስክስታ ይጀምራል። መስታወት ሲሆን ደግሞ ይባስ፣ ምክንያቱም መስታወቱ ግማሽ ዲግሪ ቢያዘነብል የምታየው ነገር በእጥፍ አንድ ዲግሪ ነው የሚሄደው፣ 50 ሜትር ላይ ያለች መኪና ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ትዘላለች። በእጅህ ብትነካው ብዙም የማይታወቅ ንዝረት ነው እንዲህ የሚያደርግህ።

መጀመሪያ ማጥበቅ። ቡሎኑን አጠበቅኩ፣ ዳዶውን ቀየርኩ፣ ምንም። ከዚያ ላስቲክ፣ የአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ከስፖኪዮው እግር ስር አስገባሁ፣ እውነት ለመናገር የሞተሩን ንዝረት ቀነሰው፣ ግን አሁን ንፋሱ እንደ ልቡ ይጫወትበት ጀመር፣ ለስላሳ ስታደርገው ንፋስ የሚያዘው ሆነ። ሶስተኛው እርሳስ ነው፣ ጎማ ባላንስ የሚያደርጉበትን እርሳስ ስፖኪዮው ውስጥ ለጠፍኩ፣ ከበድ ሲል ይረጋል ብዬ። ረጋ? ችግሩ ከ3,600 ወደ 3,000 ወረደ እንጂ አልጠፋም፣ ማለት ሞተርዌይ ላይ የነበረው ችግር አሁን በየቀኑ የምሄድበት የገጠር መንገድ ላይ መጣልኝ ማለት ነው። በገዛ እጄ! ያን ቀን መፍቻውን ወርውሬ ቡና ላፈላ ገባሁ።

ከዚያ ባለፈው ሰኔ እማዬ ከአዲስ አበባ መጣች። መኪናዋን ስታይ፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ዓመት ሰርተህ ግማሽ መኪና ነው የገዛኸው?» አለችኝ። እንደምንም አሳምኜ አስገባኋት፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሁለቴ ጠምጥማ ቀበቶዋን አሰርኩላት። እዚህ ተሳፋሪ በግራ ነው የሚቀመጠው። ሞተርዌይ ላይ ስንወጣ ያ የሸራ በር ሲርገበገብ ፈራች፣ ሊከፈት መስሏት በመዳፏ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው፣ ከንፈሯ ማርያምን እየጠራ።

እኔ ደግሞ በአጋጣሚ የግራውን ስፖኪዮ ሳይ ጥርት ብሏል። የኋላው ሎሪ ታርጋ ሳይቀር ይታያል። የቀኙን አየሁ፣ ያው ውሃ ነው። «እማዬ እስቲ ልቀቂው» አልኳት። «አበድክ?» «ለአፍታ ብቻ» ለቀቀች፣ ግራውም ውሃ ሆነ። «በይ ያዢው» ያዘች፣ ጠራ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ይሄ ልጅ አንድ ነገር ሆኗል ብላ አስባለች፣ በኋላ ነው የነገረችኝ።

ለካ ስፖኪዮው ምንም አልነበረበትም። ሁለት ዓመት ስፖኪዮውን ሳክም የሚንቀጠቀጠው በሩ ነው። የተወጠረ ሸራ እኮ ከበሮ ነው፣ እኔ ከበሮ ላይ መስታወት ሰቅዬ መስታወቱን ዝም በል እላለሁ።

ከዚያማ ግማሽ ቀን አልፈጀም። እርሳሱን አወጣሁ፣ 3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም በሶስት ማዕዘን ቆርጬ ስፖኪዮውን ከበሩ ነቅዬ የፊት መስታወቱን የያዘው ቋሚ ላይ አሰርኩት፣ በአንድ ቡሎን ሳይሆን በሁለት፣ አንድ ከሆነ ዙሪያው ይሽከረከራልና፣ ሰፋ ያለ ሮንዴላ፣ በመሃል ስስ ላስቲክ ብቻ። ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ በጋ ላይ በሩን ስነቅል ስፖኪዮው አብሮ አይሄድም። እዚህ አገር በፈረንጆቹ ከ1978 ወዲህ መንገድ ላይ የወጣ መኪና በሾፌሩ በኩል የውጭ ስፖኪዮ ግዴታ አለበት፣ ከዚያ በተጨማሪ ወይ የውስጡ ወይ የግራው፣ እና እኔ በሩን ነቅዬ ስንቴ እንደነዳሁ አትጠይቁኝ።

ቆማ ሞተሩ ሲሰራ አሁንም ትንሽ ይርገፈገፋል። ትቼዋለሁ፣ ቆሜ ምን ለማየት ነው።

ባለፈው እሁድ እማዬ ደወለች። «ያቺ ግማሽ መኪና አለች?» አለች። አለች አልኳት። «አሁን በሩን ማን ይይዝልሃል?» ቡሎን ነው እማዬ፣ ሁለት ቡሎን አደረግኩበት። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ቡሎኑን ያጥብቅልህ» አለችኝ።