አማራጭ የሚለውን ሳጥን ባዶ አትተዉት

ውድ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። የቅዳሜ ማታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ በቀጥታ ከሥራ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁም ከዚህ ወጥታችሁ ሥራ ትገባላችሁ። ስለዚህ ወሬ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ጉዳያችን የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ነው።

እኔ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የሃይስኩል ካውንስለር፣ ማለት የተማሪዎች አማካሪ፣ ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የሐበሻ ወላጆች ይደውሉልኛል። "ልጄ ጎበዝ ናት፤ ማርኳ ሁሉ ኤ ነው፤ የኤስኤቲ ፈተናዋም ጥሩ ነው። ታዲያ ሌላ ምን ፈልገው ነው?" ይሉኛል። ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እኛ ያደግንበት አገር የሚፈርደው ማትሪክ ነው። ውጤት ይመጣል፣ ሚኒስቴሩ ይመድባል፣ አለቀ። ጅማ ይድረስህ ባሕር ዳር፣ ሻንጣህን ይዘህ መሄድ ነው። አባትህ የት ተማረ፣ አንተስ ምን ዓይነት ሰው ነህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም።

እዚህ ግን ይጠየቃል። አባትህ የት እንደተማረ የሚጠይቀው ነገር ደግሞ ስም አለው። ሌጋሲ ይባላል። አባት ወይም እናት የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ልጃቸው ሲያመለክት የሚያደርገው አድልዎ ነው። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" እንል የለ? እዚህ አገር በጣም የምናከብራቸው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይህ ነገር በይፋ፣ በቅጽ ላይ ሲሠራበት ኖሯል። ዘመድ የሌለው ሰው ሥራ የማያገኝበትን አሠራር ሸሽቶ ለመጣ ወላጅ ይህንን መስማት ያማል። ግን መስማት አለበት።

አመጣጡንም እወቁት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች በፈተና ውጤታቸው ሃርቫርድና ሌሎች ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎችን በብዛት መግባት ጀመሩ። የልብስ ሰፊና የሱቅ ነጋዴ ልጆች ነበሩ። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበረው ሎረንስ ሎውል በ1922 ቁጥራቸው እንዲገደብ ፈለገ። ግልጽ ኮታ ማውጣቱ ተቃውሞ ሲያስነሳበት ሌላ መንገድ ተፈለገ። ማመልከቻው ላይ አባትህ የት ተወለደ፣ የእናትህ የቤተሰብ ስም ማን ነው፣ አንተ ወይም አባትህ ስም ቀይራችኋል ወይ የሚሉ ጥያቄዎች መጡ። ፎቶግራፍ ተጠየቀ። "ጠባይ" የሚባል መመዘኛ ከፍ አለ። ለምሩቃን ልጆች ቅድሚያ መስጠትም በዚያው ዘመን ሥር ሰደደ። ስለዚህ ሌጋሲ የስደተኛን ልጅ በር ላይ ለማቆም በጠቀሙ መሣሪያዎች መሐል ያደገ ነገር ነው። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው እኛ የዚያ ዘመን ልብስ ሰፊዎች ቦታ ላይ ነን።

ሌጋሲ ምን ያህል እንደሚጠቅም የታወቀው ሃርቫርድ በቅበላ አሠራሩ ተከስሶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ነው። እዚያ የወጣው መረጃ እንደሚያሳየው፣ ከ2010 እስከ 2015 በነበሩት የቅበላ ዓመታት ከምሩቃን ልጆች መካከል 34 ከመቶ ገደማ ገብተዋል። ሌጋሲ ካልሆኑት የገቡት 6 ከመቶ ገደማ ናቸው። የምሩቃን ልጆች ጥሩ ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እውነትም አለበት። ግን በ2023 የኢኮኖሚ ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት እኩል የፈተና ውጤት ያላቸውን ልጆች ነው ያነጻጸረው። ከሀብታሞቹ 1 ከመቶ ቤተሰብ የመጣው ልጅ፣ ያው ውጤት ካለው መካከለኛ ገቢ ካለው ቤት ልጅ ይልቅ እነዚያ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመግባት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሌጋሲ ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን በቅበላ ላይ ማየት ከለከለ። ይህንን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብዙ ሰው ያልሰማው የውሳኔው መጨረሻ አካባቢ ያለውን ነው። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ፣ ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ራሱ ከጻፈ ዩኒቨርሲቲው ያንን ማየት እንደማይከለከል ጽፈዋል። የልጁ ጽናት ወይም ችሎታ ከዚያ ጋር እስከተያያዘ ድረስ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ድርሰት እንዲህ የከበደው። ዘርህ ምንድን ነው የሚለው ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ይነግር የነበረውን ነገር ዛሬ ልጁ በራሱ ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት።

እዚሁ ጎረቤታችን ያለውን ዩቪኤን እንይ፤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ማለቴ ነው። ከውሳኔው ብዙም ሳይቆይ፣ በኦገስት 2023፣ የምሩቅ ልጅ ነህ ወይ የሚለውን ሳጥን አንባቢዎቹ እንዳያዩት አደረገ። በቦታው አጭር አማራጭ ድርሰት አስገባ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የግል ወይም የታሪክ ግንኙነት ካለህና ያ ግንኙነት እንዴት እንዳዘጋጀህ መናገር ከፈለግህ እዚህ ጻፍ ይል ነበር። ምሳሌ ሲሰጥ የምሩቅ ልጅን ጠቀሰ። እዚያ የሚሠራ ሰው ልጅንም ጠቀሰ። ከዚያ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የደከሙ ሰዎች ዘር የሆነን ጠቀሰ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በ1819 ሲመሠረት ሕንጻዎቹን ያቆሙት ባሪያ ተደርገው የተያዙ ሰዎች ናቸው። ግቢው ውስጥ በስማቸው የቆመ መታሰቢያ አለ። ለ200 ዓመት "ግንኙነት" ሲባል የጌቶቹ ልጆች ብቻ ይታሰቡ ነበር። ያኔ ግን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳህን የምታጥበው እናት ልጅም ግንኙነት አለኝ ብሎ መጻፍ ቻለ። እኔ ያንን ጥያቄ ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። በ2024 መጋቢት የያኔው ገዥ ግሌን ያንግኪን የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለምሩቅና ለገንዘብ ለጋሽ ዘመድ ቅድሚያ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለ አንድ ተቃውሞ ነው ያለፈው። እንዲህ በተከፋፈለ ዘመን ይህ ብርቅ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ደግሞ በዚያው ዓመት የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የግል ኮሌጆችንም ጨምሮ ከለከለ። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ሕግም ሳይመጣ አስቀድሞ በራሱ ትቶታል። እዚያ በ2009 ከገቡት አዲስ ተማሪዎች 12.5 ከመቶው የምሩቅ ዘመዶች ነበሩ። በ2019 ወደ 3.5 ከመቶ ወረደ። በእነዚያ ዓመታት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የፔል ድጎማ ማግኘት የሚችሉ ተማሪዎች ድርሻ ከ9 ወደ 19 ከመቶ ወጣ። ሆፕኪንስ ደግሞ በዚህ ምክንያት ደረጃው አልወረደም።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። በዚህ አዳራሽ በ1990ዎቹ መጥታችሁ፣ ሌሊት እየሠራችሁ ቀን እየተማራችሁ፣ ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተመረቃችሁ ወላጆች አላችሁ። ልጆቻችሁ ዛሬ ሌጋሲ ናቸው። "ለመቶ ዓመት ሲጠቀሙበት ኖረው የኛ ተራ ሲደርስ ይዘጉታል?" ያለኝ አባት አለ። አባባሉ አናዶኝ አያውቅም። እውነት አለው። ግን ቆጥራችሁ እዩት። ከናንተ ከአንዳችሁ ልጅ ጎን ትናንት በዲቪ የመጡ፣ አባታቸው ኡበር የሚነዳ፣ እናታቸው አረጋውያን የምትንከባከብ ስንት ልጆች አሉ? ያ ተራ ለእነሱ መቼም አይደርስም። የናንተ ልጅ መጻሕፍት ባሉበት ቤት፣ ፋፍሳ የሚባለውን የድጎማ ቅጽ መሙላት የሚያውቅ አባት ይዞ ነው ያደገው። ሌጋሲው ቢቀርበት አይወድቅም። ስለዚህ እኔ ይዘጋ ባይ ነኝ። የኔም ልጅ ብትሆን።

በሁሉም ቦታ ግን አልተዘጋም። ልጃችሁ የሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ዛሬም ሌጋሲን ያይ እንደሆነ ማወቅ ትችላላችሁ። ጉግል ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስምና "ኮመን ዳታ ሴት" (Common Data Set) የሚለውን ጻፉ። በወጣው ሰነድ ውስጥ ሲ7 (C7) የሚል ሰንጠረዥ አለ። ማርክ፣ ፈተና፣ ድርሰት፣ የምሩቅ ዝምድና እያለ ይዘረዝራል። በያንዳንዱ ፊት በጣም አስፈላጊ፣ አስፈላጊ፣ ይታያል፣ አይታይም የሚል ምልክት አለ። አምስት ደቂቃ አይወስድም። የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት እዩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የዘመዱ በር የኛ ሆኖ አያውቅም። የኛ የሆነው ቦታ "አማራጭ" ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን ነው። የኛ ልጆች ደግሞ ያንን ሳጥን ባዶ ይተዉታል። አማራጭ ከሆነ ግዴታ አይደለማ ይላሉ። ወይም "ስለኔ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?" ይላሉ። ብዙ ዕድል ያለው ልጅ ግን ካውንስለር ተቀጥሮለት እያንዳንዷን ሳጥን ይሞላል።

ምን እንደምንጎዳ በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ኮመን አፕ ላይ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚቀበሉት የማመልከቻ ቅጽ ላይ ማለት ነው፣ የወላጅ ትምህርት ይጠየቃል። ልጁ "አባት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ባችለር ዲግሪ" ብሎ ይሞላል። ሥራ ሲባል "ሌላ" የሚለውን ይመርጣል። ያኛው ወገን ያለው አንባቢ የተማረ ቤተሰብ፣ ደህና ኑሮ ብሎ ያልፋል። ያ አባት ኢንጂነሪንግ ተምሮ ዲግሪው እዚህ ሳይቆጠርለት ቀርቶ 14 ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት እየሠራ መሆኑን በምን ይወቅ? ልጁም ታናናሾቹን ቁርስ አብልቶ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ስፖርት ቡድን ያልገባው፣ ለዚህ መሆኑን ማን ይነግረዋል? ኮመን አፕ ስላጋጠመህ ችግርና ሁኔታ ጻፍ የሚል የ250 ቃላት አማራጭ ቦታ አለው። ተጨማሪ መረጃ የሚል ሌላም አለ። የተሠሩት ለዚህ ነው። በኛ ቤት ታናናሽ ማሳደግ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም፤ ግዴታ ነው። እነሱ ግን ይቆጥሩታል። ጻፉት።

እንዴት ይጻፍ ለሚለው፣ አንዲት ተማሪ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ድርሰቷ "ወላጆቼ ለኔ ሲሉ ብዙ መሥዋዕትነት ከፍለዋል" ብሎ ይጀምራል። እውነት ነው፤ ግን ይህንን ማንም ልጅ ሊጽፈው ይችላል። "ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለሺ መጀመሪያ ምን አደረግሽ?" አልኳት። "ፖስታ ከፈትኩ" አለችኝ። እናቷ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ማይክሮዌቩ ላይ ትቆልለዋለች። ልጅቷ ስትገባ አንድ በአንድ እየከፈተች በአማርኛ ትነግራታለች። አንድ ቀን ከኢንሹራንስ ደብዳቤ መጣ። ብዙ ሺህ ዶላር ይላል። እናትየው ቁጥሯን አይታ ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። ልጅቷ በማግስቱ ስታነበው ከላይ በኩል "ይህ ቢል አይደለም" የሚል መስመር አገኘች። ከዚያ ወዲህ ስልክ የምትደውለው እሷ ናት። የእናቷን የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲዋን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች በቃሏ ታውቃለች። 11 ዓመቷ ነበር ስትጀምር። "ይሄ እኮ የቤት ሥራ ነው፤ ምን ይጻፋል?" አለችኝ። ይሄው ይጻፋል አልኳት። ጻፈችው። እናቷን አላሳነሰችም፣ ራሷንም ጀግና አላደረገችም። የሆነውን ነገረች፣ ከዚያ የጤና ኢንሹራንስ ሥርዓት ለምን እንዲህ እንደሆነ መማር እንደምትፈልግ አከለች። ይኸው ነው።

ተማሪዎች፣ ችግራችሁን ለማሳመር አትድከሙ። ያልደረሰባችሁን መከራ አትጨምሩ። ስደት ያላየ ልጅ ስደት አይቻለሁ ማለት የለበትም። አባትህ ሐኪም ከሆነ የሐኪም ልጅ ሆነህ ጻፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለሕፃናት ታስተምር ከሆነ ስለዚያ ጻፍ። ቻትጂፒቲ እንዲጽፍላችሁ አታድርጉ። የእናትሽን ማይክሮዌቭ አያውቀውም።

ወላጆች፣ ከናንተ የምፈልገው ድርሰቱን እንድታርሙ አይደለም። እንድታወሩ ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችሁ እንዴት እንደመጣችሁ አያውቁም። ሱዳን ስንት ዓመት እንደቆያችሁ፣ እዚህ መጀመሪያ የት እንደሠራችሁ፣ ዲግሪያችሁ ለምን እንደቀረ አያውቁም። ጠይቄያቸዋለሁ። "አባቴ ስለዚያ አያወራም" ይሉኛል። ልጁ እንዳይከፋው ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ግን የማያውቀውን መጻፍ አይችልም። ዛሬ ማታ መኪና ውስጥ ጀምሩ። ልጁ ምን እንደሚጽፍና ምን እንደሚተው ግን ለራሱ ተዉለት።

ከኋላ ሦስት ጠረጴዛዎች አሉ። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ እስኪዘጋ እዚህ ነን። ኖቬምበር 1 የምታስገቡ ተማሪዎች ቅድሚያ ስላላችሁ መጀመሪያ ኑ። ላፕቶፕ ያልያዛችሁ ከኛ ትዋሳላችሁ። ስለሰማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።