ለአሮጌ አቶሚክ ሰዓት አዲስ ሰሌዳ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብረት ሣጥን፣ ከጎኑ የላፕቶፕ ቻርጀር]

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነው የማናግራችሁ።

ይህ እጄ ላይ ያለው ሣጥን ትንሽ መጽሐፍ ያክላል። ውስጡ ግን አቶሚክ ሰዓት ነው ያለው። ስሙ ኤፍኢ-5680ኤ ይባላል። ይህ ዓይነቱ ዕቃ የሞባይል ኔትወርክ ጣቢያዎች ውስጥ ለዓመታት ሠርቶ፣ ጣቢያው ሲታደስ ተነቅሎ የሚሸጥ ነው።

ታናሽ ወንድሜ መጀመሪያ ሲያየው «ታዲያ ስንት ሰዓት ነው ይላል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህ ዕቃ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ እኩል መምታት።

የእጅ ሰዓታችሁ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። በቀን አንድ ሰከንድ ገደማ ቢስት አይገርምም። እዚህ ሣጥን ውስጥም ኳርትዝ አለ፤ ግን ጠባቂ ተመድቦለታል። ሩቢዲየም የሚባል ብረት ትነት የሚመልሰው በ6.8 ቢሊዮን ኸርዝ አካባቢ ላለች አንዲት ጠባብ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ኳርትዙ ትንሽ ፈንገጥ ሲል በዚያች ተለክቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስህተቱ ከ10 ቢሊዮን አንድ ቢሆን እንኳ በቀን 9 ማይክሮሰከንድ አይሞላም። የፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ ወይም ሬዲዮ ለማስተካከል ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ሀብት ነው።

ችግሩ፣ እንዲህ በቀላሉ ሶኬት ላይ አይሰካም። 15 ቮልት ይፈልጋል። ለብቻው ደግሞ 5 ቮልት ይፈልጋል። መካከል ላይ ሆኖ የሚያገናኝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ሰርኪት ቦርድ) መሥራት አለብን።

[ምስል፦ ባለ 9 ፒን ኮኔክተር በቅርብ]

ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የሚገኘው ዓይነት እንዲህ ነው። ፒን 1 የ15 ቮልት መግቢያ ነው። ፒን 4 የ5 ቮልት ነው። 2 እና 5 ግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ፣ ዜሮ ቮልት) ናቸው። 3 «ተረጋግቻለሁ» ብሎ የሚናገርበት ነው። 6 በሰከንድ አንድ ምት ይሰጣል። በ7 ዋናው 10 ሜጋኸርዝ ይወጣል። 8 እና 9 ከኮምፒውተር ጋር ይነጋገራሉ፤ ለጊዜው ባዶ ተዉአቸው።

ግን በዚህ ስም የሚጠሩ፣ ውስጣቸው የተለያየ ዕቃዎች አሉ። ስለዚህ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመኑ። መልቲሜትራችሁን አውጡ፤ ሁለት ነጥብ ሲገናኝ የሚጮኸው ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ፒን 2 ላይ፣ ከዚያ 5 ላይ አድርጉ። ሁለቱም ላይ ካልጮኸ እጃችሁ ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሳታረጋግጡ መስመር መሳል አትጀምሩ።

[ምስል፦ የተቃጠለ ሽታ የሚሸት የሚመስል አሮጌ ሰሌዳ]

አሁን ወደ ኃይሉ እንምጣ። እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሰሌዳዬ ላይ የበየድኩት ሬጉሌተር (ቮልቱን ዝቅ አድርጎ እኩል የሚይዘው ዕቃ) ኤልኤም 317 ነበር። ከጥገና ቤት መሳቢያ የማይጠፋው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሞከርኩት፤ ሠራ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከፈትኩት። ኅዳር ነው፣ ውጭ ውርጭ ወርዷል። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ምንም የለም። ሬጉሌተሩን ብነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ፒን 1 ላይ ብለካ 15 ቮልት የለም፤ ወርዷል።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ሣጥኑ ሲነሳ ውስጡን ለማሞቅ እስከ 27 ዋት ይወስዳል። ለ15 ስናካፍለው 1.8 አምፔር ነው። 317 ደግሞ የተሠራው ለ1.5 አምፔር ነው። ከሞቀ በኋላ 11 ዋት ገደማ ይበቃዋል፤ ያኔ 317ም ይችለዋል። ሰሌዳውን የሚፈትነው ግን ያ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። በደጋ ጠዋት ደግሞ ያ ደቂቃ ይረዝማል።

መፍትሔው ኤልኤም 350 ነው። 3 አምፔር ይችላል፤ እግሮቹ ከ317 ጋር አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰሌዳው አይቀየርም። የሚወጣውን ቮልት የሚወስኑት ሁለት ሬዚስተሮች አንዱ 120 ኦም፣ ሌላው 1,320 ኦም ይሁኑ። 1,320 የሚባል ከሱቅ አታገኙም፤ 1.2 ኪሎኦም እና 120 ኦም አከታትላችሁ በይዱ። 1,320 ለ120 ሲካፈል 11፣ አንድ ሲደመርበት 12 ነው፤ የሬጉሌተሩ መነሻ 1.25 ቮልት በ12 ሲባዛ 15 ይመጣል። ይህን ሒሳብ በጣም ነው የምወደው።

መግቢያው ላይ የ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ይሆናል። ልዩነቱ 4 ቮልት ነው፤ ሲነሳ 7 ዋት ያህል ሬጉሌተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አሉሚኒየም ላይ እሰሩት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! የ350 የብረት ጀርባ ግራውንድ አይደለም፤ 15 ቮልቱ የሚወጣበት ነው። የሣጥኑ ብረት ደግሞ ግራውንድ ነው። ሁለቱን አንድ አሉሚኒየም ላይ ያለ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ) ካሰራችኋቸው ሾርት ነው። ብሎኑም የፕላስቲክ ቀለበት ይፈልጋል።

ሣጥኑ ራሱም ከታች አሉሚኒየም ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀት እንደዚያ አይወስድም። ብርዱ አያታልላችሁ። በመንዝ ባና የሚጠቀለል ሰው ነው እንጂ ይህ ዕቃ አይደለም።

ለ5 ቮልቱ 7805 የሚባለው ሬጉሌተር ይበቃል፤ ከ15ቱ ላይ ቀጥሉት። የ15 ቮልቱን መስመር ቢያንስ 2 ሚሊሜትር አስፉት። የ10 ሜጋኸርዙን መስመር አሳጥሩት፣ ከሥሩ ግራውንድ አንጥፉለት።

[ምስል፦ ወረቀት ላይ የታተመ የሰሌዳ ንድፍ፣ ኮኔክተር ሲቀመጥበት]

ንድፉን ኪካድ በሚባለው የሰሌዳ መንደፊያ ፕሮግራም ላይ ስትጨርሱ ወዲያው ወደ ፋብሪካ አትላኩ። በትክክለኛው መጠን ወረቀት ላይ አትሙት። ኮኔክተሩን አምጥታችሁ እግሮቹን በወረቀቱ ውጉ። ከዚያ ሣጥኑን አጠገቡ አድርጋችሁ ፒን 1 በእርግጥ ከፒን 1 ጋር ይገናኝ እንደሆነ በጣታችሁ ተከተሉ። ወንዱና ሴቱ ኮኔክተር እንደ መስታወት ናቸው፤ የአንዱ ግራ የሌላው ቀኝ ነው። ከተገለበጠ 1 ቁጥር 5 ላይ ያርፋል። 15 ቮልት በቀጥታ ግራውንድ ላይ ማለት ነው።

ፒን 3 ሰዓቱ ሲረጋጋ ዝቅ ይላል፣ ሳይረጋጋ ወደ 5 ቮልት ይጠጋል። በአንድ ፒኤንፒ ትራንዚስተር አረንጓዴ መብራት አስሩበት።

[ምስል፦ ሰሌዳው ብቻውን፣ ሜትር ተይዞበት]

መጀመሪያ ሰሌዳውን ያለ ሣጥኑ አብሩ። 1 ላይ 15፣ 4 ላይ 5 ቮልት እዩ። አጥፉ። ሣጥኑን ሰኩ። እንደገና አብሩና እጃችሁን ሰብስቡ።

እኔ ዛሬ ጠዋት በዚያው 12 ሰዓት ተኩል ላይ አበራሁት። መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ነበር። 350ው ሞቀ፣ ግን ጣት አያቃጥልም። በስድስተኛው ደቂቃ አረንጓዴዋ በራች።